500 ወይስ 600? ለባሌው ቀይ ቀበሮ የተመረጠ ሌንስ

ባለጉዳዩ ወዳጄ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ ያስጎበኛል። ስሙን እንዳልጠቅስ ጠይቆኛል፤ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅዷል። የእሱን ጥያቄ የሚጠይቁ አስጎብኚዎችና ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ብዙ ናቸውና። ጥያቄው ይህ ነው፦ በ1000 ዶላር ገደማ የዱር እንስሳ የሚያነሳበት ረጅም ዙም ሌንስ ቢገዛ የትኛው ይሻለዋል?

በእጁ ያለው ካሜራ ኒኮን ዲ7200 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል ያለው፣ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ከፉል ፍሬም፣ ማለትም ከድሮው ፊልም መጠን፣ የሚያንስ ካሜራ ነው። ሌንሱ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁ ይቀርባል። ፎቶዎቹን ለሥራው ማስተዋወቂያ ይጠቀምባቸዋል። በኤ4 መጠን የግድግዳ ካላንደር የማሳተም ሐሳብም አለው።

ገንዘቡ ከቲፕ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የካሜራ ዕቃ ዋጋ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ይህ ሌንስ ካልሆነለት ሌላ የሚገዛበት ጊዜ ሩቅ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቱ ልጅ ለገና ልትመጣ ስለነበር እዚያ ገዝታ ልታመጣለት ተስማሙ።

ልቡ ያረፈው 600 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር። «600 እያለ ለምን 500 ላይ እቆማለሁ? ቀበሮው እንደሆነ ሩቅ ነው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚህ ነው። ነገሩን በደንብ እንድንፈትሸው ያደረገንም ይኸው አባባሉ ነው።

መጀመሪያ የተበላሹትን ፎቶዎች ማየት

ስለ ሌንስ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ለመንኩት። ያማሩትን ሳይሆን ያልሆኑለትን ፎቶዎች ላክልኝ አልኩት። ሌንስ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ያማረ ፎቶ ምን እንደጎደለህ አይነግርህም።

የላካቸውን በላፕቶፕ ላይ እያሰፋን አየናቸው። ችግራቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዶቹ ላይ ቀበሮው በእውነት ትንሽ ነው፤ በሰፊው ሜዳ ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አንዳንዶቹ ላይ ሣሩ ጥርት ብሏል፣ የሚሮጠው ቀበሮ ግን ደብዝዟል። የፎቶውን መረጃ ስንከፍት ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ ነበር። ሌንሱ ላይ ያለው የንዝረት መከላከያ የእጅን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚያረጋጋው፤ የእንስሳውን ሩጫ አያቆምም። ለሚሮጥ ቀበሮ 1/1600 አካባቢ ያስፈልጋል። ቆሞ ለሚያይ 1/500 ይበቃል።

ከሁሉም የሚገርመው ሌላው ክምር ነበር። ሻተሩ ፈጣን ነው። ፎከሱም ትክክል ቦታ ነው። ግን ፎቶው ላይ ምንም ነገር ጥርት አላለም፤ የሣሩ ጫፍ ሳይቀር የተንሻፈፈ ይመስላል። ሁሉም የተነሱት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

ይህ የሙቀት ንዝረት ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለው ሰነቲ አምባ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ ደግሞ ኃይለኛ ናት። መሬቱ ቶሎ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። የሞቀውና የቀዘቀዘው አየር ሲደበላለቅ ብርሃኑን ያጣምመዋል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በመካከል የሚገባው የሚንቀጠቀጥ አየር ይበዛል። 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀበሮውን ሲያጎላ ንዝረቱንም አብሮ ያጎላል። የ12000 ዶላር ሌንስም ከዚህ አያድንም።

ባሌ ላይ ይህ ነገር የሚከፋበት ምክንያት አለ። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን እንስሳ ነው። ዋና ምግቡ ግዙፉ ፍልፈልና ሌሎች የአምባው አይጦች ናቸው። አይጦቹ ደግሞ በቀዝቃዛው ወቅት ፀሐይ መሬቱን ሞቅ እስክታደርገው ከጉድጓዳቸው ብዙም አይወጡም። ቀበሮውም የእነሱን ሰዓት ይጠብቃል። ስለዚህ አደኑ የሚደምቅበት ሰዓትና አየሩ መንቀጥቀጥ የሚጀምርበት ሰዓት ይገጣጠማሉ። በዚያ ሰዓት ጥርት ያለ ፎቶ የሚገኘው ከቅርብ ብቻ ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «እንዲያውም ጥሩዎቹ ፎቶዎቼ ሁሉ ደመና ባለበት ቀን የተነሱ ናቸው» አለኝ። ልክ ነበር።

በቁጥር ሲታይ

የቀረው የርዝመት ጥያቄ ነው። ቀበሮው 100 ሜትር ላይ አለ እንበል። የአንድ ትልቅ ቀበሮ ቁመና ከአፍንጫ እስከ ጭራው ሥር 1 ሜትር ገደማ ነው። በዲ7200 ላይ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያ ርቀት 7.8 ሜትር ስፋት ያሳያል። ቀበሮው ከፎቶው ስፋት አንድ ስምንተኛውን ብቻ ይይዛል። በ500 ሚሊ ሜትር የሚታየው ስፋት 4.7 ሜትር ነው፤ ቀበሮው አንድ አምስተኛ ይሆናል። በ600 ደግሞ 3.9 ሜትር፤ ቀበሮው አንድ አራተኛ ይሆናል።

ይህን ወደ ካላንደሩ እናምጣው። ኤ4 ወረቀት በአግድም በጥሩ ጥራት ሲታተም 3500 ፒክስል ገደማ ስፋት ይፈልጋል። ቀበሮው የፎቶውን አንድ ሦስተኛ እንዲይዝ አድርገን ብንቆርጥ፣ ከ300 ሚሊ ሜትሩ የሚተርፈው 2300 ፒክስል ነው። አይበቃም። ከ500ው 3800 ገደማ ይተርፋል። ይበቃል። ከ600ው 4600 ይተርፋል። ይህ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

አንድ ሌላ ስሌትም አለ፤ ወዳጄን ያሳመነው ይህኛው ይመስለኛል። በ600 ከ100 ሜትር የሚነሳው ቀበሮ በ500 ከ83 ሜትር ሲነሳ እኩል መጠን ይኖረዋል። ልዩነቱ 17 ሜትር ነው። ሰነቲ ላይ ያሉት ቀበሮዎች መኪና ለምደዋል። መንገዱ ዳር ሞተር አጥፍቶ ቁጭ ያለን ሰው ብዙ ጊዜ አይሸሹም፤ አይጥ እየፈለጉ ራሳቸው ይጠጋሉ። ለ17 ሜትር ሲባል ቀበሮ ማሳደድ አያስፈልግም፣ ነውርም ነው። ዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። ቡችሎች ያሉበት ጉድጓድ አጠገብ ደግሞ ማንም በምንም ሌንስ መሄድ የለበትም። ወዳጄ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ እንግዶቹንም ሲቆጣ አይቻለሁ።

ያልተመረጡት

ብዙ አስጎብኚ የሚመኘው ኒኮን ፒ1000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ1000 ዶላር ወጣ። 3000 ሚሊ ሜትር ይባልለታል። ወፍ ለእንግዳ ለማሳየት፣ ዝርያዋን ለመለየት ግሩም ነው። ነገር ግን የሌንሱ ትክክለኛ ርዝመት 539 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3000 የሚያስብለው የሴንሰሩ ትንሽነት ነው። ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ኤፍ 8 ነው፤ የኤፍ ቁጥር በጨመረ መጠን የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ደንገዝገዝ ሲል ፎቶው ይሻክራል፤ የሚሮጥ እንስሳ መከተልም ይከብደዋል። ለካላንደር አይሆንም አልን።

ባለ መስታወት 500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8 ሌንሶች ርካሽ ናቸው። ፎከሳቸው በእጅ ነው፤ ከጀርባ ያለውን ብርሃን ሁሉ ቀለበት ቀለበት ያደርጉታል። በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማራዘሚያ ገዝቶ ያለውን ባለ 300 ሌንስ ወደ 600 ማሳደግም ይቻላል፤ ቀዳዳው ግን ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 11 ይወርዳል። ዲ7200 በዚያ ቀዳዳ ላይ ፎከስ አይዝም።

ካኖንን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አርኤፍ 100-400 የሚመዝነው 635 ግራም ብቻ ነው። ሲወጣ 650 ዶላር ነበር። ከካኖን አር50 ካሜራ ጋር ሲጣመር የእንስሳ ዓይን ራሱ ፈልጎ ፎከስ ይይዛል። በእግሩ ብዙ ቀን የሚጓዝ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው። ወዳጄ ግን ካሜራውንም መቀየር ሊኖርበት ነው፤ ሁለቱ አዲስ ሲገዙ ከ1300 ዶላር ያልፋሉ። ሌንሱም 400 ላይ ኤፍ 8 ነው።

ሦስቱ

በመጨረሻ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሲግማ 150-600 ኮንተምፖራሪ፣ በ2016 የወጣው ታምሮን 150-600 ጂ2፣ እና በ2015 የወጣው ኒኮን 200-500። ሲግማ 1930 ግራም ይመዝናል፣ ታምሮኑ 2000 ገደማ፣ ኒኮኑ 2300። የሲግማ ስፖርትስ የሚባለውን ገና ከጅምሩ ተውነው፤ 2860 ግራም በዚያ ከፍታ ላይ ቀልድ አይደለም።

ሦስቱም ፊታቸው ላይ 95 ሚሊ ሜትር ፊልተር ይገጥማሉ። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። የሌንስ ርዝመት ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት ይገኛል። 600 ለ6.3 ሲካፈል 95 ሚሊ ሜትር ነው። 500 ለ5.6 ሲካፈል 89 ነው። ባለሙያዎቹ የሚይዙት 600 ኤፍ 4 ግን 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብርጭቆ ይፈልጋል። ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው ያ ትልቅ ብርጭቆ ነው። ርካሾቹ ረጃጅም ሌንሶች ርካሽ የሆኑት ከብርሃኑ ላይ ቆጥበው ነው።

ኤፍ 5.6 እና ኤፍ 6.3 በወረቀት ላይ ብዙም አይራራቁም። አንዱ 1/640 ሲሰጥህ ሌላው 1/500 ይሰጥሃል። ለዚህ ብቻ ሌንስ አይመረጥም። ጉዳዩ ግን እዚህ አያበቃም። ባለ 600ዎቹ ሌንሶች 600 ላይ ሲደርሱ ጥራታቸው ትንሽ ይቀንሳል። ብዙ ተጠቃሚ ወደ ኤፍ 8 ዘግቶ ነው የሚያነሳባቸው። ኒኮኑ 500 ላይ በሙሉ ቀዳዳው፣ በኤፍ 5.6 ጥርት ይላል። ስለዚህ በተግባር ንጽጽሩ ኤፍ 5.6 ከኤፍ 8 ጋር ይሆናል። ይህ የብርሃን እጥፍ ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ ላይ፣ ጥድና ኮሶው ሥር፣ ማለዳ በጉም ውስጥ የቆመን የደጋ አጋዘን ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ይታያል።

ታምሮኑ በሌላ በኩል ያስቀና ነበር። እርጥበት እንዳይገባው የተሠራ ነው፤ የፊት ብርጭቆውም በቀላሉ ይጠረጋል። ኒኮኑ ያን ያህል የተከለለ አይደለም። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አቧራ፣ የከሰዓት በኋላውም ካፊያ አሳስቦኝ ነበር። ሲግማ ደግሞ ከሦስቱ በዋጋም በክብደትም ቀላሉ ነው፤ አዲሱ ሲወጣ 1089 ዶላር ነበር። ከ150 መጀመሩም ጥሩ ነው፤ ቅርብ ለመጣ እንስሳ ይረዳል።

ሚዛኑን የደፋው ነገር ግን የብርጭቆ ጉዳይ አይደለም። ወዳጄ አንድ ቀን ካሜራውን ወደ አዲሶቹ ባለ ዜድ ኒኮኖች መቀየሩ አይቀርም። ኒኮን 200-500 የድሮ ሌንስን ከአዲሱ ካሜራ ጋር በሚያጋጥመው የኒኮን ማገናኛ ላይ ፎከሱም የንዝረት መከላከያውም ሳይጓደል ይሠራል። የሲግማና የታምሮን አንዳንድ ሌንሶች ግን ለዚያ እንዲሆኑ ፈርምዌራቸው (የውስጥ ሶፍትዌራቸው) መታደስ ነበረበት። ማደሻው ለብቻው የሚገዛ መሣሪያ ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። አሜሪካ ላለ ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሮቤ ላለ ሰው ግን ሌላ ዘመድ እስኪመጣ መጠበቅ ማለት ነው። ሌንሱ ሩቅ ቦታ የሚኖር ከሆነ፣ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ የሚሠራው ይመረጣል። እኔ በዚህ አቋሜ ጸንቻለሁ፤ ወዳጄም ተስማማ። ኒኮን 200-500 ይሁን አልን።

የግዢው ነገር

አዲሱ ሌንስ ሲወጣ 1400 ዶላር ነበር። ያገለገለው ከ1000 በታች ይገኛል። የአክስቱ ልጅ ስለ ካሜራ ምንም አታውቅም፤ ስለዚህ ምን እንደምታደርግ በድምፅ መልእክት አንድ በአንድ ነገርናት። የመመለሻ ጊዜ ከሚሰጥ ሱቅ እንድትገዛ፣ ደረሰኙንም አብራ እንድትይዝ አልናት።

መጀመሪያ የስልኳን መብራት ከኋላ በኩል አብርታ በፊት በኩል እንድታይ ነገርናት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይመለስ። ደቃቅ አቧራ ግን አያስፈራም። ቀጥሎ የዙሙን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድታዞር አልናት፤ የሚንኳኳ ወይም የሚይዝ ቦታ መኖር የለበትም። ከዚያ ካሜራ ያለው ጎረቤት ተፈልጎ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት በ200፣ በ350 እና በ500 ተነሳ። ጎረቤቱ ኒኮን ስለነበረው ዕድለኞች ነን። አራቱም ማዕዘን እኩል መጥራት አለበት። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ብርጭቆው ከቦታው ተናግቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሌንስ በዚህ ፈተና ወደቀ። የግራው ጎን በ500 ላይ ይደበዝዝ ነበር። ሱቁ ያለ ክርክር ተቀበላት። ሁለተኛው አለፈ። ፈተናው ባይደረግ ኖሮ ያኛው የደበዘዘው ሌንስ ባሌ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ከባሌ ደግሞ ማን ይመልሰዋል?

ሌንሱ በሹራብ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ መጣ።

ከዚያ በኋላ

አሁን ወዳጄ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ከመኪና መስኮት ነው። ገብስ የሞላበት የጨርቅ ከረጢት መስኮቱ ላይ ያደርግና ሌንሱን ያሳርፍበታል። ሞተር ይጠፋል። እንግዶቹም ይህን ሲያዩ ዝም ማለት ይለምዳሉ። ጠዋት ጨረሩ አግድም ሲመጣ በኤፍ 5.6 እና በ1/1000 ያነሳል፤ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 ይለቀዋል። ከ4 ሰዓት በኋላ ከ40 ሜትር ለሚርቅ እንስሳ ካሜራውን አያነሳም። በፊት በዚያ ሰዓት ሜሞሪውን የሚሞሉት ፎቶዎች አሁን የሉም።

የካላንደሩ ሽፋን ተገኝቷል። ቀበሮው ጅብራ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ መሬት እያዳመጠ ነው፤ ፍልፈሉ ከታች አለ ማለት ነው። የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፎቶውን ሳየው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ያልተመቸውም አለ። ካሜራውና ሌንሱ አንድ ላይ 3 ኪሎ ያልፋሉ። ማንገቻውን ከካሜራው ላይ ፈትቶ ሌንሱ እግር ላይ አሰረው፤ እንደዚያ ካልሆነ ክብደቱ ሁሉ ካሜራው አፍ ላይ ያርፋል። ወደ ዌብ ሸለቆ በእግር ሲሄድ ግን ጨርሶ አይዘውም። አስጎብኚ ነውና እጁ ባዶ መሆን አለበት። በእግር የሚጓዘው ከመኪናው ቢበዛ ኖሮ ውሳኔያችን ሌላ ይሆን ነበር። የዙሙ ቀለበትም ረጅም ነው፤ ከ200 እስከ 500 ለመድረስ እጅን ሁለቴ መቀየር ያስፈልጋል። ቀበሮ በድንገት ሲሮጥ ይህ ያስመልጣል።

ብርዱም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከአምባው ወርዶ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ሌንሱን ከቦርሳው አያወጣም። ቦርሳው እንደተዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ቶሎ ከወጣ ብርጭቆው ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ውስጥ ከገባ ደግሞ ያ የምንፈራው ሻጋታ ከዚያ ይጀምራል።

የድሮውን 70-300 ሊሸጠው ነበር። እንዳይሸጠው መከርኩት። ዲንሾ ላይ አጋዘኖቹ እስከ 15 ሜትር ይጠጋሉ፤ በዚያ ርቀት 200 ሚሊ ሜትር የሚያሳየው ስፋት 1.8 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ትልቁ ወንድ አጋዘን አይገባበትም። እዚያ ሲሆን አሮጌውን ሌንስ ይገጥማል። አሁን እየተጠራቀመ ያለው ገንዘብ ለካሜራው ነው። ሌንሱ ባለበት ይቆያል።